«ለሁለት ነው፣ ተካፈሉት»፦ በዳር ከተማ መስመሮች ከማያውቁት ተሳፋሪ ጋር መልስ መካፈል

ጣፎ በር

ሰላም ቤተሰብ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከአያት፣ ከጣፎ፣ ከአራብሳ፣ ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በጠዋት በታክሲ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ ዝርዝር ያልቅበታል። ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንድ ኖት ያቀብልና «ለሁለት ነው፣ ተካፈሉት» ብሎ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። እስከዚያች ደቂቃ ዓይን ለዓይን እንኳ ያልተያዩ ሰዎች በአንድ ኖት ይታሰራሉ። ታክሲው ሲቆም አንዱ ለሥራ ይቸኩላል፣ ሌላው አስፋልት መሻገር አለበት፣ ሱቁ ገና አልተከፈተም።

ነገሩን በደንብ የምታውቁ ብትጽፉበት ጥሩ ነው። ኖቱን ማን ይያዝ? የት ይዘርዘር? አንዱ መንገድ ላይ ወራጅ ከሆነስ?

የበር ሰው

በመጀመሪያ በረዳቱ በኩል ያለውን እንይ። ብዙ ሰው «ሆን ብሎ ነው» ይላል። ሆን ብሎ የሚያደርገው አለ፣ አልክድም። አብዛኛው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ሰማያዊው ሚኒባስ ሲሞላ ጋቢና 2፣ ከኋላ ሦስት ረድፍ ሦስት ሦስት ሰው፣ ባጠቃላይ 11 ተሳፋሪ ነው (ትርፉን ተዉት)። ታሪፉ 25 ብር ነው እንበል። ለምሳሌ ነው ያልኩት፣ ታሪፍ ስለሚቀያየር ቁጥሩ ላይ አትከራከሩኝ። 11ዱም መቶ መቶ ብር ቢያወጡ ለእያንዳንዱ 75፣ በድምሩ 825 ብር መልስ ያስፈልጋል። ያውም በሃምሳ፣ በአስርና በአምስት ተሰባጥሮ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ጉዞ የሚጀምር ረዳት ይህን ያህል ዝርዝር ከየት ያመጣል?

መሀል ከተማ ላይ የሚቀለው ሰው በየፌርማታው ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። አንዱ የሰጠው አስር ብር ለሚቀጥለው መልስ ይሆናል። የዳር መስመር ግን አንዴ ሞልቶ ይነሳል፣ አንዴ ይሰበስባል፣ መድረሻው ላይ ያራግፋል። ዝርዝሩ የሚሽከረከርበት ጊዜ የለም። ተሳፋሪውም ብሩን ያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ከኤቲኤም ነው፤ መቶና ሁለት መቶ ይዞ ይመጣል። የደመወዝ ሰሞን ደግሞ አይወራም።

የኖቶቹም ነገር አለበት። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ብር ሲቀየር 200 ተጨመረ እንጂ በ10 እና በ50 መካከል ምንም አልገባም። የረጅም መስመር ታሪፍ የሚያርፈው ደግሞ እዚያው መሀል ላይ ነው። ስለዚህ አስር ብር ሁልጊዜ ያጥራል።

ረዳቱን በደንብ ካያችሁት ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ኖቶቹን በቁመት አጥፎ በጣቶቹ መሀል ይይዛል፤ አስሮቹ ለብቻ፣ ሃምሳዎቹ ለብቻ፣ መቶዎቹ መዳፉ ውስጥ ተጨምድደው። የአስሮቹ ቦታ ሳስቶ ሁለቱ ጣቶቹ መነካካት ሲጀምሩ «ተካፈሉት» እየመጣ ነው።

ዝርዝር ያዙ

መፍትሔውን ስሜ ላይ ጽፌዋለሁ።

ሒሳብ አዋቂ

@ዝርዝር ያዙ ልክ ነህ፣ ግን ዝርዝር ለመያዝም መጀመሪያ የሚዘረዝር መገኘት አለበት።

ትልቁ ስህተት መካፈሉን ከከፈሉ በኋላ መጀመር ነው። ብሩ ረዳቱ እጅ ከገባ በኋላ የሚመለስላችሁ እሱ ያለውን ነው፣ እናንተ የሚመቻችሁን አይደለም። ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ከመስጠታችሁ በፊት ጎናችሁ ያለውን «ስንት ነው የያዝከው?» በሉት። ያን ጊዜ ጨዋታው በእጃችሁ ነው።

ከላይ ያለውን ምሳሌ እንውሰድ። ታሪፍ 25 ሲሆን ሁለት ሰው ልክ 50 ነው፤ አራት ሰው ልክ 100። እንግዲህ 11ዱ ተሳፋሪ በአራት፣ በአራትና በሦስት ቢከፍሉ ሁለቱ ቡድን ምንም መልስ አይፈልጉም፤ ሦስቱ ከመቶ 25 ብር ብቻ ይመለስላቸዋል። ረዳቱ 825 ብር ይፈልግ የነበረው ወደ 25 ወረደ። በእርግጥ የአራቱ ተሳፋሪዎች የእርስ በርስ ሒሳብ ይቀራል፤ እሱ ግን ቁጭ ብላችሁ መንገድ ላይ የምትጨርሱት ነው እንጂ አስፋልት ዳር ቆማችሁ አይደለም።

ታሪፍ 20 ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሁለት ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ሰጡ። መልሳቸው 30 እና 30፣ ድምር 60። ረዳቱ አንድ 50 እና አንድ 10 ያቀብላቸዋል። 50ዋን የያዘው ለሌላው 20 ይዞበታል፣ ሁለት አስር ግን የለውም። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚጣበቀው እዚህ ላይ ነው። መውጫው ሦስተኛ ሰው መጨመር ነው፤ ሦስት ሰው 60 ስለሆነ አንድ 50 እና አንድ 10 ያለምንም መልስ ይዘጋዋል። አምስት ሰው ከሆናችሁ ልክ 100 ነው።

ታሪፍ 15 ሲሆን የሦስት ሰው ወንበር 45 ነው፣ ከሃምሳ 5 ይመለሳል። ይህ በጣም ቆንጆ ይመስላል ግን ሁለቱ ተሳፋሪዎች 15 ብራቸውን በአስርና በአምስት ካልያዙ ይቆማል። የአምስት ብር ኖት ዋጋው ከአምስት ብር በላይ ነው የምለው ለዚህ ነው። ከቤት ሲወጣ አምስት ባለ አስርና ሁለት ባለ አምስት (60 ብር ነው) የያዘ ሰው በአምስት የሚካፈል ታሪፍ ሁሉ እስከ 60 ድረስ በልኩ ይከፍላል፤ አንዷ አምስት ደግሞ ጎረቤቱን ታድናለች።

አራብሳ 12 ሰዓት

ይሄ ሁሉ ቀመር ጥሩ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነው የሚሄደው። ማንን ነው ስንት ያዝክ የምለው?

ሒሳብ አዋቂ

@አራብሳ 12 ሰዓት የተኛውን አትቀስቅስ። ሌላኛው ጎንህ አለ።

የኮዬዋ

ሰው ሁሉ «ቴሌብር አድርግልኝ» ስለሚል አንድ ነገር ልበል፤ በተለይ ለሴቶች።

ቴሌብር ለመቀበል ስልክ ቁጥር መስጠት አለብሽ። ለ20 ብር ብለሽ ለማታውቂው ሰው ቁጥርሽን ትሰጫለሽ፤ ስምሽም ይወጣል። አብዛኛው ሰው ጨዋ ነው፣ ብሩን ልኮ ይረሳሽ ይሆናል። የማይረሳው ግን ማታ ይደውላል፤ በማግስቱም ሰልፍ ላይ ይጠብቅሻል። በአንድ መስመር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የምትሳፈሪ ከሆነ ደግሞ የት እንደምትወርጂም ያውቃል።

ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የራስሽን ሒሳብ በቀጥታ ለሹፌሩ መላክ ነው። ብዙ ታክሲ ላይ ቁጥሩ ዳሽቦርዱ ላይ ወይም ከሹፌሩ ጀርባ ተለጥፏል። ያ ቁጥር ለሕዝብ የወጣ ነው፣ ከማንም ጋር መነካካት የለም። ኢንተርኔት ባይኖር *127# ይሠራል። ልከሽ ስትጨርሺ ለረዳቱ መልእክቱን አሳዪው፤ የሹፌሩ ስልክ እስኪጮህ አትጠብቂ፣ እየነዳ ነው።

ይህ ካልሆነና ኖት ለሁለት ከተሰጠሽ ቁጥር ከመስጠት ሱቅ ገብቶ መዘርዘር ይሻላል። «ቁጥርሽን ንገሪኝና ልላክልሽ» ሲልሽ «ሱቁ እዚሁ ነው ወንድሜ» ካልሽው በቂ ነው። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።

ታፔላ

@የኮዬዋ ያለችው ላይ ልጨምር። ስልክ የሚወጣበት ቦታም ወሳኝ ነው። ታክሲው ፌርማታ ላይ ወይም መብራት ላይ ቆሞ መስኮቱ ተከፍቶ ቴሌብር መነካካት ለመንታፊ ሰርግና ምላሽ ነው፤ ከውጭ እጁን ሰዶ መንጭቆ ይሮጣል። ስልኩን ታክሲው ከተንቀሳቀሰ በኋላ አውጡት፣ መስኮት ዳር ያለው ሰው መስኮቱን ይዝጋ፣ ስልኩን ከደረት በታች ያዙት። ኋላ ወንበር መሀል ላይ ያለው ሰው ከሁሉ የተሻለ ቦታ አለው።

የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከሌላ ቁጥር የመጣ «ተልኮልዎታል» የሚል ጽሑፍ ዋጋ የለውም። ሰውየው የራሱን ስልክ አሳይቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ቢልም የሚታመነው የእናንተ ስልክ ላይ የገባው ነው። የትናንት መልእክት የሚያሳይም አለ፤ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ።

ጣፎ በር

እናመሰግናለን። ግን ኔትወርክ ሲጠፋስ? ጠዋት ጠዋት መልእክቱ ዘግይቶ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሰውየው ልኬያለሁ ይላል፣ ለእኔ አልገባም፣ ታክሲው ደርሷል።

ታፔላ

እሱ ስልክ ላይ የላከበትን ማረጋገጫ ከነመለያ ቁጥሩ እይ፣ አንተም ቀሪ ሒሳብህን በ*127# እይ። መልእክት ይዘገያል እንጂ ገንዘቡ ቀሪ ሒሳብህ ላይ ቀድሞ የሚታይበት ጊዜ ይበዛል። ሁለቱም ካልሆነ ደግሞ ኖቱ ማን ጋ ነው? አንተ ጋ ከሆነ የሚቸገረው እሱ ነው፣ አትጨነቅ። ለዚህ ነው ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄህ መጀመሪያ መመለስ የነበረበት።

የበር ሰው

እሱን ልመልስ። ኖቱን መያዝ ያለበት የሚበዛው ድርሻ ያለው ሰው ነው። ከመቶዋ 75 የአንዱ፣ 25 የሌላው ከሆነ 75 ያለው ይይዛል። እኩል ከሆነ ግድ የለም፤ ሽማግሌ ወይም እናት ካሉ ለእነሱ ስጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኖቱን ይዞ የሚጠፋ ሰው የሚያጎለው የሌላውን ድርሻ ነው። ትልቁን ድርሻ ያለው ከያዘ የሚያጎለው ትንሹን ነው።

መንገድ ላይ የሚወርድ ሰው ካለ ደግሞ ኖት አትቀበሉ። አያት–መገናኛ ላይ አንዱ ሲኤምሲ ወይም ሲቪል ሰርቪስ ወራጅ፣ ሌላው መገናኛ ከሆነ አብረው አይወርዱም፤ ታክሲው ደግሞ ዘርዝሩና ተመለሱ ብሎ አይጠብቅም። ረዳቱ ሊያቀብል እጁን ሲዘረጋ «አብረን አንወርድም» በሉት። ይህን ሲሰማ ከሌላ ሰው ጋር ያጣምራችኋል። ጥሩ ረዳት ራሱ «የት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የማይጠይቀው ይበዛል።

አንዴ ኖቱን እጃችሁ ካስገባችሁ ግን በረዳቱ ዘንድ ሒሳቡ ተዘግቷል። በኋላ «ከሱ ጋር መካፈል አልቻልኩም» ብትሉት አይሰማችሁም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። «መልስ አለኝ» የሚባለው ከመውረጃችሁ አንድ ፌርማታ በፊት ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ ብትሉት ረዳቱ አንድ እግሩ ውጭ ነው፣ የሚቀጥለውን ተሳፋሪ እየጠራ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስ ካለ ደግሞ ሹፌሩ አይቆምም።

ጀሞ ሦስት

ማንም ያላነሳው ነገር። መቶና ሁለት መቶ ብቻ የያዘ ሰው ጋቢና ይቀመጥ። ረዳቱ የሚሰበስበው ከኋላ ወደ ፊት ነው፣ ጋቢና መጨረሻ ነው። ጋቢና ጋ እስኪደርስ የሰበሰበው ዝርዝር አለው። የኋላ ወንበር ሰው ግን መጀመሪያ ስለሚከፍል ያኔ ረዳቱ ባዶ እጁን ነው።

ዝርዝር ያዙ

@ጀሞ ሦስት ጋቢና እስኪደርስ ዝርዝሩን ለኋለኞቹ መልሶ ጨርሶታል ወዳጄ።

ጀሞ ሦስት

ኋለኞቹ በልኩ ከከፈሉ አልጨረሰም። ሁሉም ትልቅ ብር ካወጡ አዎ፣ ጨርሶታል። ግን ያኔም የምትጣመረው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፣ ጋቢና ሁለት ሰው ነው። ኋላ ብትሆን ለሦስት «ተካፈሉት» ሊልህ ይችላል፤ የሦስት ሰው ሒሳብ ደግሞ እግዜር ይሁነን።

የበር ሰው

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንደ ቀኑ ነው። 200 ብር የያዘ ሰው ግን የትም ቢቀመጥ ከመግባቱ በፊት በር ላይ «ሁለት መቶ ነው የያዝኩት» ቢል ጥሩ ነው። ረዳቱ «ግባ» ካለ መልሱን የማግኘት ኃላፊነት የእሱ ነው። ሳይናገሩ ገብቶ መሀል መንገድ ላይ 200 ማውጣት ነው ጭቅጭቅ የሚያስነሳው። «ዝርዝር ያላችሁ ብቻ» እያለ የሚጠራ ረዳት ደግሞ ቀድሞ ነግሯችኋል፤ ገብታችሁ አትከራከሩት።

ሒሳብ አዋቂ

ከኋላ ብር ስታቀብሉም ሥርዓት አለው። ኖቱን ዘርግታችሁ፣ ከስንት እንደሆነና የስንት ሰው እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ከመቶ፣ የሁለት ሰው!» የሚያቀብለውም ቃሉን ደግሞ ያቀብል። ተጣጥፎ በዝምታ የሄደ መቶ ብር ረዳቱ እጅ ሲደርስ ሃምሳ ነው ተብሎ ያውቃል። በሦስት ሰው እጅ ያለፈ ብር ላይ ማንን ትከሳለህ? ጮክ ብለህ ካልክ ግን ታክሲው በሙሉ ምስክር ነው።

ቃሊቲ ቶታል

የት ይዘርዘር ለሚለው፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ወደ ቃሊቲ ለምትመጡ።

በመጀመሪያ ጓደኛችሁ (የአንድ ጠዋት ጓደኛ ቢሆንም) ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት። ሁለታችሁም ባቡር ተሳፋሪ ከሆናችሁ ነገሩ አለቀ፤ ቲኬት የሚቆረጠው ከመግባት በፊት መስኮቱ ላይ ነው፣ በዚያችው ኖት ሁለት ቲኬት ቁረጡና የተረፈውን ተካፈሉ። መልሱ በአነስተኛ ኖት ስለሚመጣ መካፈሉም ይቀላል። አያት ጫፍ ላይም እንደዚሁ ነው። ሁለታችሁም ወደ ሳሪስ ታክሲ የምትይዙ ከሆነ ተከታትላችሁ ግቡ፣ አጠገብ ላጠገብ ተቀመጡ፣ በዚያችው ኖት የሁለት ሰው ክፈሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብ ሱቅ ፍለጋ ይሮጣል።

መንገዳችሁ ከተለያየ መጀመሪያ ጀብሎ (መንገድ ዳር ማስቲካና ሶፍት የሚሸጠው) ነው፣ ከሱቅ ቀድሞ ይወጣል። ነገር ግን ጀብሎ በባዶ አይዘረዝርም፤ ማስቲካ ወይም ሶፍት መግዛት አለባችሁ። ለመቶ ብር የአምስት ብር ማስቲካ ብትገዙ ዕቃውን ይነጥቃችኋል። የሞባይል ካርድ ይሻላል፤ ባለ 10 ወይም ባለ 25 ካርድ ገዝታችሁ የገዛው ሰው ለራሱ ይሞላዋል፣ የሚባክን ነገር የለም። ዋጋውን ከገዛው ሰው ድርሻ ቀንሱ፤ ይህ ግልጽ ቢመስልም የሚረሳ ነው።

ሻይና ዳቦ ቤት ጠዋት ክፍት ነው፣ ዝርዝርም አለው፣ ግን ቁጭ ብሎ ላልበላ አይሰጥም። ባንክ ለዚህ አይሆንም፣ በዚያ ሰዓት ዝግ ነው። ሳንቲምና ዝርዝር ለረዳቶች የሚሸጡ ሰዎች ተራው አካባቢ አሉ፤ ከመቶው ላይ ቆርጠው ነው የሚሰጡት፣ ለሁለት ተሳፋሪ አያዋጣም።

ማዘር ጠጋ በሉ

ኖቱን ከረዳቱ ስትቀበሉ እዚያው እዩት እባካችሁ። የተቀደደና በፕላስተር የተለጠፈ ከሆነ ሱቅ አይቀበለውም፤ ለሁለት የተሰጠ ሲሆን ደግሞ ሁለታችሁም «እሱ ያየዋል» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ረዳቱ የማያልፍለትን ብር የሚያሳልፈው በዚህ ነው። ማምሻ ላይ ከሆነ «የውስጥ መብራት አብራልን» በሉ፣ ሹፌሩ ያበራል። ብሩን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ክሩንና ውስጡ ያለውን የጥላ ምስል እዩ። ከወረዳችሁ በኋላ ሰሌዳ ቁጥር ብትይዙም ለአንድ ኖት ማን ይከታተልላችኋል።

ጣፎ በር

@ማዘር ጠጋ በሉ እናመሰግናለን እትዬ። በነገራችን ላይ የተረፈውን አምስት ብር «ይቅር» ማለት ነውር ነው ወይስ ደግ ነው?

ማዘር ጠጋ በሉ

እንደ ሰዉ ነው ልጄ። ታናሽህ ወይም እኩያህ ከሆነ «ይቅር» ብለህ ሂድ፣ ደስ ይለዋል። አረጋዊ ከሆኑ ግን እንደ ምጽዋት አታስመስለው፤ «እማማ፣ እርሶ ይያዙት፣ እኔ እዚሁ ነኝ» ብለህ በሁለት እጅ ስጥ። አንዳንድ ሽማግሌ አምስት ብሩን ካልመለሰልህ ቀኑን ሙሉ ይከነክነዋል፤ እሱን ሱቅ ድረስ አብረኸው መሄድ ነው ክብሩ። ሰውየው ሲወርድ ያለቀው ሒሳብ እንጂ አምስት ብሩ አይደለም።

ሌላው፣ «ይቅር» የሚለው ሰው የሚጎድልበት ወገን መሆን አለበት። አምስት ብር ያለብህ ሰው አንተ ሆነህ «ይቅር በቃ» ካልክ ይሄ ደግነት አይደለም፣ ዘረፋ ነው 😄

አራብሳ 12 ሰዓት

ማዘር 👏

የኮዬዋ

ባጃጁንም አትርሱት። ከአስፋልት ወደ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች የሚገባው እሱ ነው። ረዳት የለውም፣ ሹፌሩ ራሱ ነው የሚቀበለው፣ ከኋላ ሦስት ሰው ነው። በሰው ሒሳብ ከሆነ (ኮንትራት ካልሆነ) ሦስቱ የሚወርዱበት ብሎክ ይለያያል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ወራጅ ሰብስቦ ቢከፍል ነው የሚቀለው። ለአንድ ሰው አስር ብር ከሆነ ለሦስት 30፣ ሁለቱ ሲወርዱ አስር አስራቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፣ እሱ ሃምሳ ሰጥቶ 20 ይቀበላል። ይህ ሹፌሩን በየብሎኩ ቆሞ ኪሱን ከመፈተሽ ያድነዋል፤ ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ቆሞ መልስ ሲፈለግ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባውን ያስነካዋል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሹፌሩ ይህን እንደተስማማችሁ ይስማ። ካልሰማ የመጀመሪያው ወራጅ ሳይከፍል የሄደ መስሎት ይከተለዋል።

ታፔላ

አውቆ የሚያጣምር ሌባ አለ፣ እሱንም ልጻፍ። ጎናችሁ ይቀመጣል፣ ገና ረዳቱ ሒሳብ ሳይል «ዝርዝር የለኝም፣ አብረን እንክፈል» ይላል። እስካሁን ችግር የለም፤ ከላይ የተመከረውም ይሄው ነው። ምልክቱ ቀጥሎ ነው። ጨዋው ሰው የያዘውን ኖት አውጥቶ ያሳያል። ሌባው የራሱን ሳያወጣ የእናንተን ይቀበላል፣ ለረዳቱ እሱ ያቀብላል፣ መልሱንም እሱ ይቀበላል፣ ከዚያ ታክሲው መብራት ላይ ቀስ ሲል «ወራጅ!» ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቀመሩ አጭር ነው፦ ሁለቱም ኖቶች መጀመሪያ ይታዩ፣ የእናንተን እናንተ አቀብሉ፣ እንደተስማማችሁም ሁለታችሁ የት እንደምትወርዱ ለረዳቱ ተናገሩ።

ሁለት ሆነው የሚሠሩም አሉ። አንዱ ስለ መልሱ ያከራክራችኋል፣ ያኛው በዚያኛው ጎን ኪስ ወይም ቦርሳ ይከፍታል። ክርክሩ ለአምስት ብር ሆኖ ድምፁ ለአምስት መቶ ብር ከሆነ ቦርሳችሁን ያዙ።

ሒሳብ አዋቂ

ታሪፍ በአምስት በማይካፈል መስመር ላይ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደርሶኛል። የአንድ ብር ሳንቲም ያስፈልጋል፤ ረዳቱ ደግሞ ወደ ላይ ማጠጋጋት ይወዳል። ታሪፉ መኪናው ውስጥ መለጠፍ አለበት፤ ተጣምራችሁ ስትከፍሉ በልኩ ማስከፈል ይቀላል። 17 ብር ከሆነ ለአንድ ሰው 20 ሰጥቶ 3 ብር ማስመለስ ጭቅጭቅ ነው፣ ለሦስት ሰው ግን 51 ነው፤ ሃምሳ ብርና አንድ ባለ አንድ ብር ሳንቲም ብትሰጡት የሚያከራክረው ነገር አይኖርም።

ጣፎ በር

የ17ቱ ሒሳብ ነገ ይሞከራል። ባለ አንድ ብር ሳንቲም በብዛት የሚገኘው የት ነው?

ዝርዝር ያዙ

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። ከቅዳሴ መውጫ ላይ፣ ከቀኑ 4 ሰዓት በፊት።